የመነጽር ሐዲድ ብሎን ነገር

ኦሃዮ እ.ኤ.አ. በ2014 ቀጥ ያለ ቀለህ ባላቸው ጠመንጃዎች አጋዘን ማደን ከፈቀደች ወዲህ፣ እዚህ ኮሎምበስ ያሉ ወዳጆቼ ስለ መነጽር ሐዲድ ብሎን ይጠይቁኛል። ሐዲዱ ከላላ ጥይት እንስሳውን አቁስሎ ይሰዳል።

ብዙውን ጊዜ ብሎኑ 6-48 የሚባለው ነው፤ ውፍረቱ 3.5 ሚሊሜትር፣ በኢንች 48 ጥርስ። የሃርድዌር መደብር የሚሸጠው ግን 6-32 ነው። አገር ቤት የለመድነው የሚሊሜትር ልክ ደግሞ ያታልላል፤ ባለ 3.5ቱ ውፍረቱ አንድ፣ ጥርሱ ግን ሰፊ ነው። ጥቂት ዞሮ ይነክሳል፣ ካስገደዱት የጠመንጃውን ጥርስ ይበላል። ከጠመንጃ ጠጋኝ ይግዙ።

የፊተኛው ብሎን ከረዘመ በርሜሉን ነክቶ የጠበቀ ይመስላል፣ ሐዲዱ ግን ልል ነው።

አስቀድመው ጥይቱን ያውጡ። ዘይቱን በአልኮል ጠርገው፣ ሰማያዊውን የብሎን ሙጫ ጠብ አድርገው፣ አምራቹ ባዘዘው ልክ (ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ኢንች ፓውንድ) ያጥብቁ። ቀዩን ሙጫ ይተዉት፤ ያለ ሙቀት አይላቀቅም።