ሳይንስንና ሥነ ጥበብን አጣምሮ ማስተማር፦ በገጠር ትምህርት ቤቶች የሰበካ ጉባኤያት ድርሻ



በአንደኛ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ «አካባቢ ሳይንስ» እና «የክወናና ዕይታ ጥበባት» የተባሉ ትምህርቶች ይገኛሉ። ሆኖም በብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያው ከሰሌዳ እየተገለበጠ በቃል ይጠናል፤ ሁለተኛው ደግሞ «ቀለምና ወረቀት የለም» በሚል ይታለፋል። ብዙዎቻችን መፍትሔው የቤተ ሙከራ ዕቃ መግዛት ይመስለናል። ነገር ግን መምህሩ ያልሠለጠነበት ዕቃ እንዳይሰበር ተብሎ ይቆለፍበታል፤ ሕፃናቱም እንደ ቀድሞው በቃል ማጥናታቸውን ይቀጥላሉ። በዚህ ጽሑፍ አነስተኛ ወጪ የሚጠይቅ፣ ነገር ግን የአጥቢያውን ማኅበረሰብ ትብብር የሚሻ ሌላ መንገድ እናሳያለን።

አጣምሮ ማስተማር ማለት አንድን ነገር በእጅ እየሠሩ፣ በዓይን እየመረመሩ፣ ያዩትንም በሥዕልና በቃል እየገለጹ መማር ነው። ይህ ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ አይደለም። ቁም ጸሐፊው ብራናውን ሲያለፋ፣ ቀለሙን ሲበጠብጥ፣ የመቃ ብዕሩን ሲቀርጽ የቁስ አካልን ጠባይ ማወቅና ውበትን መፍጠር በእጁ ላይ አንድ ይሆናሉ። ሦስት ምሳሌዎችን እንመልከት።

የመጀመሪያው ጥላ ነው። አባቶቻችን ጥላን በጫማ እየሰፈሩ ጊዜን ይለዩ ነበር። ተማሪዎች በግቢያቸው ለጥ ባለ ስፍራ ቀጥ ያለ ዘንግ ይትከሉ፤ በየግማሽ ሰዓቱ በጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር ያኑሩ፤ ርዝመቱን በገመድ ይለኩ፤ ያዩትንም በደብተራቸው ይሣሉ። በአዲስ አበባና ከዚያ በስተ ምዕራብ አጭሩ ጥላ የሚታየው ልክ በስድስት ሰዓት ሳይሆን ደቂቃዎች ካለፉ በኋላ ነው፤ የአገራችን ሰዓት የተቀመረው ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ ርቆ በሚያልፍ መስመር ስለሆነ ነው። ይህንኑ በታኅሣሥና በግንቦት መጨረሻ ቢደግሙት የቀትሩ ጥላ በታኅሣሥ ወደ ሰሜን፣ በግንቦት መጨረሻ ወደ ደቡብ ሲያጋድል ያያሉ። ሁለቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የፀሐይን የዓመት ጉዞ ያሳያሉ።

ሁለተኛው እርድ ነው። በውኃ የተበጠበጠ እርድ በነጭ ወረቀት ላይ ተቀብቶ ይድረቅ። አመድ ተነክሮበት በተጠለለ ውኃ በላዩ ላይ ሲሣልበት ቢጫው ወደ ቀይ ቡኒ ይለወጣል፤ ሎሚ ሲነካው ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። ስለ አሲድና ቤዝ ተጠንቶ የሚረሳው ትምህርት በዚህ መንገድ በሕፃኑ እጅ ሥዕል ይሆናል። የአመድ ውኃ ዓይን እንዳይነካ መምህሩ ይጠንቀቅ።

ሦስተኛው ሸክላ ነው። በጭቃው ላይ አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል ለምን ይጨመራል? ዕቃው በሚገባ ሳይደርቅ እሳት ውስጥ ቢገባ ለምን ይሰነጠቃል? በውስጡ የቀረው ውኃ በሙቀት እንፋሎት ሆኖ ስለሚስፋፋ ነው። ያልተተኮሰ ሸክላ በውኃ ይፈርሳል፤ የተተኮሰው ግን ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። ቅርጹና ጌጡ ደግሞ ራሱን የቻለ የጥበብ ትምህርት ነው። ይህን ሁሉ አብልጠው የሚያውቁት የመንደሩ ሸክላ ሠሪ እናት ናቸው።

እዚህ ላይ ሳንሸፋፍን የምንናገረው ነገር አለ። ሸክላ ሠሪው፣ አንጥረኛው፣ ቆዳ አልፊው በብዙ አካባቢ በሙያቸው ይሰደባሉ። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ስድቡ ግን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። የሸክላ ሠሪዋ ልጅም በዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች፤ የእናቷን ሥራ እየደበቀች። እኒያ እናት በመምህሩ ተጋብዘው፣ ካህኑም በአክብሮት ተነሥቶ ተቀብሏቸው ሲያስተምሩ፣ ልጅቷ የምታገኘው ከሳይንስ የበለጠ ነው። ካህናት ይህን ካላደረግን ማንም በእኛ ቦታ ሊያደርገው አይችልም፤ ሕዝቡ ማንን እንደምናከብር ያያልና።

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት የሚከተሉትን እንድትፈጽሙ እናሳስባለን፦

1. አስቀድማችሁ ከርእሰ መምህሩና ከመምህራኑ ጋር ተመካከሩ። የትምህርቱ ዕቅድ የመምህሩ ነው፤ የእኛ ድርሻ ማገዝ ነው።

2. በአጥቢያው ያሉትን ባለሙያዎች መዝግቡ። ለሚያስተምሩበት ቀን ተገቢውን የድካም ዋጋ ክፈሉ፤ «ለበረከት ነው» ብሎ በነጻ ማሠራት ክብራቸውን አይጠብቅም።

3. ለወረቀት፣ ለገመድ፣ ለእርድና ለመሳሰሉት አነስተኛ በጀት መድቡ፤ ወጪውንም በሰነድ ያዙ።

4. በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 መሠረት ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ ሊሰጥ ይገባል። በክፍሉ የሙስሊሙም የሌላ እምነት ተከታዩም ልጅ አለ። ስለዚህ የስብከት ጊዜ አታድርጉት፤ ስብከቱ በሰንበት ትምህርት ቤት ቦታ አለው።

የሥራው ፍሬ የሚታወቀው በተከፈተ ሕንጻ ወይም በተመረቀ ዕቃ አይደለም። በዓመቱ መጨረሻ ከክፍሉ አንድ ልጅ ጠርታችሁ «ጥላው ለምን አጠረ? ሸክላው ለምን ተሰነጠቀ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከመጽሐፉ ቃል ሳይሆን ካየው ተነሥቶ ከመለሰላችሁ፣ ሥራው ተሠርቷል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።