ፊደሉ ሲበተን

ሀ ሁን በዜማ የሚያወርድ ልጅ ሁሉ ፊደል ለይቷል ማለት አይደለም። በጠዋት ከፒያሳ ወደ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚወርድ ሰው ከመዋዕለ ሕፃናት አጥር ውስጥ «መ ሙ ሚ ማ» ሲባል ይሰማል። ደስ ይላል፤ ወላጅም «ልጄ ፊደል ቆጠረ» ብሎ ይኮራል። ዜማው ግን ልጁን ይዞት ይሄዳል። ከ«መ» ቀጥሎ «ሙ» የሚለው ዓይኑ ስላየ ሳይሆን ምላሱ ስለለመደ ነው። ጣታችሁን «ሞ» ላይ አሳርፋችሁ «ይቺስ ማን ናት?» ብትሉት፣ ከመጀመሪያው ተነሥቶ እያንሾካሾከ «መ ሙ ሚ ማ ሜ ም… ሞ!» ይላል። መልሱ ልክ ነው፤ ልጁ ግን ሞን አያውቃትም።

የትንንሽ ልጆችን የንባብ ችሎታ የሚመዝን ሰው ዋና ጣጣው ይኸው ነው፦ ልጁ የሚያውቀውን ከሸመደደው መለየት። ከዚያ ቀጥሎ መምህሩ ነገ ጠዋት ለየትኛው ልጅ ምን እንደሚያስተምር ይወስናል። ነጥብ ሰጥቶ ደረጃ ማውጣት የዚህ ሥራ ዓላማ አይደለም። ቢሆን እንዲያውም ሥራውን ያበላሸዋል።

ጣጣው ለእኛ አዲስ አይደለም። አራዳ ላይ ከአድዋ ድል ማግስት ቅዱስ ጊዮርጊስ ሲተከል፣ በ1900ዎቹ መጀመሪያም ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከግብፅ በመጡ መምህራን ሲከፈት፣ ፊደል የማስቆጠሩ ሥራ በየደብሩ አጥር ሥር ረጅም ዕድሜ አሳልፎ ነበር። የኔታ ልጁ ሀ ሁን ወደ ታች ካወረደ በኋላ ወደ ላይ ያስወጡታል፣ ወደ ጎን ያስኬዱታል። በዚህም አይረኩም፤ አቡጊዳ ይመጣል። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ፣ ቀጥሎ በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ። የፊደሉ ቤተሰብም የድምፁም ተራ ተሰባብሮ ይቀርባል፤ ልጁ የሚደገፍበት ዜማ የለም። ይህ ገበታ ሀ ሁን በዓይኑ ያላወቀ ልጅ የሚጋለጥበት ነው። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ አሳትመው በየቤቱ ያዳረሱት የፊደል ገበታም ሀ ሁን፣ አቡጊዳንና መልእክተ ዮሐንስን በአንድ ላይ ይዟል። ልጅ ግን ልጅ ነውና አቡጊዳንም ውሎ አድሮ በዜማ ይሸመድደዋል። ያን ጊዜ የኔታ ስንደዷቸውን ይዘው ከዚህም ከዚያም እየነኩ ይጠይቃሉ።

ንባቡም በደረጃ ነበር። መጀመሪያ ልጁ መልእክተ ዮሐንስን ፊደል በፊደል ይቆጥራል። ከዚያ ቃሉን ቀስ አድርጎ በግዕዝ ንባብ ይገጥማል፤ ከዚያ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም የሚነሣውን አንሥቶ የሚጣለውን ጥሎ በቁም ንባብ ያነባል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው ዓመቱ ስለሞላ ሳይሆን የኔታ ሰምተው «ይበቃል» ሲሉ ነው። የሰባት ዓመቱና የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ አንድ ቦታ ላይ ቢገኙ የሚያስገርም ነገር አልነበረውም። ዛሬ የትምህርት ባለሙያዎች ልጆችን በክፍልና በዕድሜ ሳይሆን በደረሱበት መጠን እንመድብ ሲሉ አዲስ ነገር ያመጡ ይመስላቸዋል። ፕራታም የተባለውን የህንድ ድርጅት ዓለም ያወቀው በዚሁ መንገድ ነው፤ ፊደል፣ ቃል፣ አንቀጽና ታሪክ የያዘ ወረቀት ለልጁ አስነብቦ ከቆመበት ያስጀምረዋል።

የቤተ ክህነቱ ትምህርት አንድ ነገር ይጎድለው ነበር። አማርኛ ተናጋሪው ልጅ መልእክተ ዮሐንስን ሲያነብ ትርጉሙን አያውቅም፤ ጽሑፉ ግዕዝ ነው። ፊደሉን ወደ ድምፅ መለወጥ መቻሉ ይታያል፣ መረዳቱ አይጠየቅም። ትርጓሜው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እዚያ ለሚደርሱ ጥቂቶች የተተወ ነበር። ብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ልማድ ሳያውቁት የወረሱ ይመስለኛል። ልጁ ጮክ ብሎ ያነባል፣ «ጎበዝ» ይባላል፣ ይቀመጣል።

አሁን በብዙ አገሮች የሚሠራበት የምዘና መሣሪያ «ኢግራ» በሚል ምህጻረ ቃል ይታወቃል። አር ቲ አይ የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲያዘጋጀው፣ በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ለአሜሪካ ሕፃናት ከተሠራ ፈተና ብዙ ወስዷል። አሠራሩ ቀላል ነው። መዛኙና ልጁ ብቻ ለብቻ ይቀመጣሉ፤ ከልጁ ፊት ወረቀት፣ በመዛኙ እጅ ሰዓት አለ። መጀመሪያ መቶ ፊደላት ተበታትነው፣ አሥር በአሥር ተደርድረው ይቀርባሉ፤ ልጁ በ1 ደቂቃ የቻለውን ያህል ይጠራል። ተሳስቶ ራሱን ካረመ ልክ ተብሎ ይያዝለታል። የመጀመሪያዎቹን አሥር በሙሉ ከሳተ መዛኙ በትሕትና አቁሞ ወደ ሌላው ያልፋል፤ ልጅን ማሠቃየት አያስፈልግም። ቀጥሎ የታወቁ ቃላት ይመጣሉ፣ ከዚያ ትርጉም የሌላቸው፣ «ለቡማ»ን ወይም «ጋሚሳ»ን የመሰሉ የፈጠራ ቃላት። ልጁ እነዚህን ከዚህ በፊት አይቶ ሊያስታውሳቸው አይችልም፤ ከማንበብ በቀር መውጫ የለውም። መልእክተ ዮሐንስ ለአማርኛ ተናጋሪ ልጅ የሠራውን ሥራ እነዚህ ይሠራሉ። በመጨረሻ አጭር ታሪክ ይነበብና ጥያቄ ይከተላል። የኔታ ያልደረሱበት ቦታ ይህ ነው።

በ2002 ዓ.ም. ይህ ምዘና በአገራችን በ6 ቋንቋዎች፣ አማርኛን ጨምሮ፣ ለ2ኛና ለ3ኛ ክፍል ተማሪዎች ተሰጠ። ከ300 በላይ ትምህርት ቤቶች፣ ከ13 ሺህ በላይ ልጆች ተመዘኑ። ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶ ከታሪኩ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም፤ 48 በመቶ ደግሞ አንድም ጥያቄ አልመለሱም። በ3ኛ ክፍል ቁጥሮቹ 20 እና 30 በመቶ ነበሩ። አዲስ አበባ ከሁሉ ተሽላ፣ ምንም ያላነበቡት የ2ኛ ክፍል ልጆቿ 10 በመቶ ገደማ ሆኑ፤ በያኔው ሲዳማ ዞን ወደ 70 በመቶ ይጠጉ ነበር። ከዚህ በኋላ ነው የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች የንባብ መጻሕፍት በአዲስ መልክ የተዘጋጁት። የአዲስ አበባው 10 በመቶ ግን የሚያስፎክር አይደለም። ማተሚያ ቤቱ፣ የትምህርት ሚኒስቴሩና መጻሕፍት መደብሩ በሚገኙበት ከተማ ሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ከአሥር ልጅ አንዱ አንድ ቃል ሳያነብ መቅረቱ ነው ያስደነገጠኝ።

ሌላ ነገርም ልብ ይሏል። በደቂቃ ስንት ቃል ተነበበ የሚለውን ቁጥር ከእንግሊዝኛ ጋር ማወዳደር ከንቱ ነው። «አልመጣችም» ለእኛ አንድ ቃል ነው፣ እንግሊዝኛው ሦስት ያወጣበታል። «ስለማይፈልጓቸው» የሚለውን በአንድ ትንፋሽ ያነበበ ልጅ አንድ ብቻ ይቆጠርለታል። ጠብቆና ላልቶ መነበብም አለ፤ «አለ» የሚለውን ጽሑፍ ተናገረ ወይስ ይገኛል ብሎ የሚወስነው የዓረፍተ ነገሩ ስሜት ነው። ስለዚህ ቃል ብቻውን በተጻፈበት ወረቀት ላይ መዛኙ ሁለቱንም አነባበብ መቀበል አለበት። ሀ፣ ሐ፣ ኀም እንዲሁ፤ ልጁን በሆሄያት ታሪክ መቅጣት አይገባም።

መሣሪያው ዋጋ የሚኖረው ስሕተቱ ሲነበብ ነው። ፊደላችን 33 በ7፣ 231 ሲሆን፣ ብዙው ክፍል ሥርዓት አለው፤ ሌ፣ ቤ፣ ቴ ቀለበታቸውን ከእግራቸው ሥር በቀኝ በኩል ያንጠለጥላሉ፤ ላ፣ ባ፣ ሳ አንድ እግራቸውን አሳጥረው ይቆማሉ። ይህን የተረዳ ልጅ ያልተማረውንም ይገምታል። ረ እና ፈ ግን ከሥርዓቱ ያፈነግጣሉ፤ ሳድሱማ ከሁሉም የባሰ ነው፣ ል፣ ም፣ ስ፣ ር እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ድምፁም እንዲሁ አስቸጋሪ ነው፤ «ብርቱካን» ውስጥ የመጨረሻው ን አናባቢ የለውም፣ ፊተኛው ብ ግን ትንሽ ድምፅ ይወጣዋል። ስለዚህ ግማሽ ክፍሉ ሳድስ ላይ ከተሰናከለ፣ መምህርቷ ሀ ሁን እንደገና ከላይ ከማስወረድ ሳድሱን ብቻ በቃላት ውስጥ እያሳየች አንድ ሳምንት ብትሠራ ይሻላል።

ፊደሉን ለብቻው የሚጠራ፣ ቃል ሲመጣ ግን «ብ–ር–ቱ–ካ–ን» ብሎ የሚቀር ልጅ ገና ቁጥር ላይ ነው፤ መገጣጠም ይለማመድ። ቀስ ብሎ የሚያነብ ልጅ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያው ይጠፋበታል፤ ለእሱ አንዱን ጽሑፍ ደጋግሞ ከጓደኛው ጋር ማንበብ ነው መድኃኒቱ። ፈጥኖ የሚያነብና «ታሪኩ ስለማን ነው?» ሲባል ዝም የሚለው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ያንኑ ታሪክ መምህርቷ አንብባለት ቢጠየቅስ? ከተረዳው ችግሩ ንባብ ነው። ካልተረዳው ቋንቋው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ሁለተኛው ቀላል አይደለም፤ በቤቱ ጉራጊኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ጋሞኛ ሲነገር የሚያድግ ልጅ ብዙ ነው። ለዚህ ልጅ የንባብ ልምምድ ብቻ አይጠቅምም፤ ጨዋታ፣ ተረትና ቃላት ይፈልጋል።

ክፍሉ ውስጥ 50 ልጅ ተቀምጦ ይህ ሁሉ እንዴት ይሆናል ብሎ የሚጠይቅ መምህር አለ፤ ልክ ነው። ሙሉው ምዘና ለአንድ ልጅ ሩብ ሰዓት ይወስዳል። ለክፍል ሥራ ግን ሙሉው አያስፈልግም። መምህርቷ ፊደሉንና አንድ አጭር አንቀጽ ብቻ ብታስነብብ፣ ሌሎቹ ሲጽፉ በቀን አምስት ልጅ ብትጠራ፣ በሁለት ሳምንት ትጨርሳለች። የሚያስቸግረው ይልቅ ወላጁ ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የፒያሳ ወላጅ ስለ ሳድስ አይጠይቅም፤ «ስንተኛ ወጣ?» ነው የሚለው። ይህ ጥያቄ በገባበት ቦታ መምህሩ ልጁን ለማወቅ ሳይሆን ለማሰለፍ መመዘን ይጀምራል፤ ደካማው ልጅም መደበቅን ይማራል፣ በዜማ መሐል ጎረቤቱን እየተከተለ።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳና ከአካባቢዋ ብዙ ቤተሰብ ተነሥቶ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄዷል። ልጆቹም በዓመት አጋማሽ ትምህርት ቤት ቀይረዋል። የሚቀበላቸው መምህር እጅ የሚገባው መልቀቂያና ካርድ ነው። ካርዱ ላይ አማርኛ 78 ተብሎ ተጽፎ ይሆናል። 78ቱ ልጅቷ የተበተነ ፊደል ትለይ እንደሆነ፣ ቃል ትገጥም እንደሆነ፣ ያነበበችውን ትናገር እንደሆነ አይነግረውም። ከካርዱ ጋር በሦስት መስመር «ሳድስ ይቸግራታል፤ ቃል ቀስ ብላ ትገጥማለች፤ ሲነበብላት ትረዳለች» ተብሎ ቢጻፍለት የመጀመሪያው ሳምንት አይባክንበትም። ካልተጻፈለትም አንድ ወረቀት፣ አንድ የእጅ ሰዓትና አሥር ደቂቃ ይበቁታል።