የሃያ ደቂቃው ምርመራና የሩቁ ጤና ጣቢያ

የሬዲዮ ዘጋቢ ፕሮግራም

(ድምፅ፦ የታክሲ ረዳቶች ጥሪ፣ «ጦር ኃይሎች! አየር ጤና! ዓለም ባንክ!»፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

ተራኪ፦ ያለነው ቤቴል ነው፤ በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ። እዚህ ሰፈር ያለች ነፍሰ ጡር ለእርግዝና ክትትል ስትሄድ ታክሲ ትይዛለች፤ ቅርብ ከሆነም በእግሯ ትደርሳለች። የደም ግፊቷ ይለካል፣ ደሟና ሽንቷ ይታያል፤ የኤችአይቪ ምርመራም ይቀርብላታል። ፈቃደኛ ከሆነች በዚያው ዕለት ውጤቷን አውቃ ትመለሳለች።

ከቤቴል በአየር ጤና በኩል የጅማን መንገድ ይዞ ወለቴንና ሰበታን አልፎ ወደ ገጠር ለሚዘልቅ ሰው ግን ነገሩ እየተለወጠ ይሄዳል። አስፋልቱ ካበቃ በኋላ በየቀበሌው ጤና ኬላ አለ፤ ክትባት ይሰጣል፣ ምክር ይገኛል። የኤችአይቪ ምርመራ ግን በአብዛኛው የሚገኘው ጤና ጣቢያ ነው። ጤና ጣቢያው ደግሞ የእግር መንገድ ነው፤ ለከበዳት ሴት፣ ያውም በክረምት፣ ወንዙ ሲሞላ።

(ሙዚቃ፦ አጭር ዋሽንት)

ተራኪ፦ በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች መካከል ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸው በከተማ ከመቶ 2.9፣ በገጠር 0.4 ነበሩ። አዲስ አበባ ብቻዋን ስትታይ 3.4 ነበረች። ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ የገጠሩ ምን ያሳስባል?» ሊል ይችላል። የሚያሳስበው ነገር ሌላ ነው። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ የሚወለደው ገጠር ነው። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ተከታይ ጥናት ከገጠር ወሊዶች መካከል በጤና ተቋም የተከናወኑት ከመቶ 40 ያህሉ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ልጆች የተወለዱት ቤት ነው። ቤት የወለደች እናት ቫይረሱ ካለባትና ካላወቀች፣ ልጇን ለመጠበቅ ማንም አይደርስላትም። ቁጥሩ አነስተኛ በሆነበት ቦታ ተረስቶ የሚቀረውም ሰው ይህ ነው።

ሁለተኛ ድምፅ፦ ምንም ዓይነት ሕክምና ከሌለ፣ ቫይረሱ በእርግዝና፣ በምጥና በጡት ማጥባት ወቅት ወደ ልጅ የሚተላለፍበት ዕድል ከ15 እስከ 45 በመቶ ይደርሳል። እናት መድኃኒቷን በወቅቱ ጀምራ ሳታቋርጥ ከወሰደች ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል።

ተራኪ፦ መድኃኒቱ አገር ውስጥ አለ። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ነፍሰ ጡር እናት ቫይረሱ እንዳለባት ሲረጋገጥ ሌላ መመዘኛ ሳይጠበቅ ትጀምራለች፤ ዕድሜ ልኳንም ትቀጥላለች። አገሬው ነፍሰ ጡርን «በሽልም ያውጣሽ» ብሎ ይመርቃል። ለዚያ ምርቃት የሚያግዘው መድኃኒት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። የጎደለው እናቲቱ ማወቋ ነው።

(ድምፅ፦ የወረቀት እሽግ ሲከፈት)

ሁለተኛ ድምፅ፦ ማወቂያው አንዱ መንገድ የኤችአይቪ ራስን በራስ መመርመሪያ ነው። ከብዕር ብዙም የማይተልቅ ፕላስቲክ ነው። ጫፉ የላይኛውንና የታችኛውን ድድ አንድ አንድ ጊዜ ይዳስሳል። ከዚያ አብሮት በመጣው ፈሳሽ ውስጥ ይቆማል። 20 ደቂቃ ይጠበቃል፤ ከ40 ደቂቃ በኋላ ግን አይነበብም። አንድ መስመር ከታየ ምልክት አልተገኘም ማለት ነው። ሁለት መስመር ከታየ፣ ደብዛዛም ቢሆን፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ በሌላ ምርመራ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ተራኪ፦ መመርመሪያው ቫይረሱን ራሱን አይፈልግም። ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመነጨውን ነገር ነው የሚለየው። ስለዚህ ባለፉት ሦስት ወራት ውስጥ የተያዘ ሰው አንድ መስመር ብቻ ሊያይ ይችላል። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም በዚህ መመርመር የለበትም፤ ውጤቱ ሊያሳስተው ይችላልና።

የዓለም ጤና ድርጅት ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2016 መክሯል፤ ኢትዮጵያም ከምርመራ መንገዶቿ አንዱ አድርጋዋለች። ለገጠር ነፍሰ ጡር ያለው ትልቁ ጥቅም ግን ባልዋ ጋ መድረሱ ነው። ባል ወደ እርግዝና ክትትል እምብዛም አይመጣም፤ እርሻ አለ፣ ገበያ አለ፣ «የሴት ጉዳይ ነው» የሚል ልማድም አለ። እናት በመጀመሪያ ክትትሏ ነፃ ሆና፣ ከዚያ በኋላ ካልተመረመረ ባሏ ልትያዝ ትችላለች። በእርግዝና ወይም በማጥባት ወቅት አዲስ የተያዘች እናት ደግሞ በደሟ ያለው ቫይረስ በጣም ብዙ ስለሚሆን ለልጇ የማስተላለፍ ዕድሏ ከፍ ይላል። ኬንያ ውስጥ፣ በኪሱሙ፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአራሶች መመርመሪያ ለባሎቻቸው እንዲወስዱ ተሰጥቶ ነበር። ከተሰጣቸው ሴቶች መካከል ከመቶ የ90 ያህሉ ባሎች ተመርምረዋል። ባሎቻቸውን ለምርመራ የሚጠራ ወረቀት ብቻ ከያዙት ግን የተመረመሩት ከመቶ የ52 ያህሉ ባሎች ናቸው።

(ሙዚቃ)

ተራኪ፦ ሆኖም መመርመሪያ ብቻውን አያድንም። ማጀት ውስጥ ብቻዋን ሁለት መስመር ያየች ሴት ማን ያጽናናታል? ባሏ ቢቆጣ፣ ቢማታ፣ «አንቺ ነሽ ያመጣሽው» ቢላት ማን ጋ ትሄዳለች? ለዚህ መልስ ሳይኖር መመርመሪያ ማደል ጭንቀቱን ሁሉ በእሷ ትከሻ ላይ መጣል ነው። ለባሏ እንድትወስድ ማስገደድም አይገባም። ትውሰድ ወይስ ትተው የሚለውን የምትወስነው ራሷ ናት።

በመገለል ፍርሃት ረገድ ኮልፌ ቀራኒዮ የራሱ ታሪክ አለው። ከቤቴል ብዙም ሳይርቅ፣ ዘነበ ወርቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል ይገኛል። ከየገጠሩ በሥጋ ደዌ ምክንያት የተገለሉ ሰዎች ዘነበ ወርቅ አካባቢ ሰፍረው ኖረዋል። ብዙዎቹን የጎዳቸው ሕመሙ ብቻ አልነበረም፤ መታየትን ፈርተው መዘግየታቸውም ነበር። ዛሬ በዚያው ሆስፒታል ኤችአይቪም ይታከማል። መገለልን መፍራት ሕክምናን ሲያዘገይ አካባቢው አስቀድሞ አይቶታል።

ስለዚህ መንገዱ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሠራተኞች አሉት። ማን እንዳረገዘች ያውቃሉ፤ ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ የነፍሰ ጡር እናቶችን ስብሰባ ይመራሉ። መመርመሪያው በእነሱ እጅ ይግባ። ሲሰጥ አጠቃቀሙ በምትሰማው ቋንቋ ይነገር፤ ሁለት መስመር ያየች እናት በማግስቱ የምታገኘው ሰው በስም ይታወቅ፤ ጤና ጣቢያ ስትደርስም ማረጋገጫውና መድኃኒቱ ይጠብቃት። የእናቶች ማቆያ ባለበት ደግሞ መውለጃዋ ሲቃረብ ገብታ ትቆይ።

ቤቴል ያለች እናት በአንድ ቀጠሮ የምታገኘውን እውቀት የገጠሯም እናት ልታገኘው ይገባል። የርቀት ጉዳይ ነው፤ ርቀት ደግሞ በበጀት፣ በሥልጠናና በእንክብካቤ ይቀንሳል። በዚህ ዘመን አንድም ሕፃን እናቱ ሳታውቅ በቀረችው ነገር ምክንያት ቫይረሱን ይዞ መወለድ የለበትም።

(ሙዚቃ፤ የመዝጊያ መለያ)