በዝናብ አገር ቆሻሻን ሳይለዩ መጣል

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ቆሼ ላይ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ለአሥርተ ዓመታት ሁሉም ዓይነት ቆሻሻ ሳይለይ የተደፋበት ቦታ ነበር። የከፋ ከተሞች ዋጫና ቦንጋም እያደጉ ነው፤ ክምሩ ተራራ ሳይሆን እንነጋገር።

የከፋ ዝናብ ረጅም ነው። የእንሰት ቅጠል፣ የሙዝ ልጣጭና የቡና ገለባ ከፌስታልና ከባትሪ ጋር ተደባልቆ ሲጣል፣ ውሃው በክምሩ ውስጥ ሰርጎ ጥቁር ፍሳሽ ይሆንና ወደ ምንጭና ወንዝ ይወርዳል። ውስጡ አየር ስለማያገኝም ሚቴን ጋዝ ይፈጠራል። ማቃጠልም አያዋጣም፤ እርጥብ ቆሻሻ ይጨሳል እንጂ አይነድም፣ የፕላስቲክ ጭስ ደግሞ መርዝ ነው።

የሚበሰብሰው ግን ከቤት ተለይቶ ከወጣና አየር እንዲያገኝ ከተገላበጠ፣ ሙቀቱ ከ55 ዲግሪ በላይ ለቀናት ሲቆይ አብዛኞቹን ጀርሞች ይገድላል፤ ለጓሮ እንሰትና ለቡና ጥሩ ኮምፖስት ይወጣዋል። የጠርሙስ ስባሪ ያለበትን ግን የትኛው ገበሬ በእጁ ይነካዋል?

የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 513/1999 እያንዳንዱ አባወራና እማወራ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን እንዲለዩ አዝዞ ነበር። እኔ የምለው፣ ከነዋሪው በፊት የቆሻሻ መሰብሰቢያው ጋሪ ይስተካከል። ሰው ለይቶ ያወጣውን ሰብሳቢው ፊቱ ላይ ከደባለቀው፣ በሚቀጥለው ሳምንት አይለይም።