ጀርባዋን ሰጥታ ያሸነፈች

መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ቆሼ ከተማ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጠናል። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባላት ግሪክ ውስጥ አዲስ ፕሬዚዳንት መምረጣቸው ተወራ። ከሰባቱ ዕጩዎች ጠረጴዛችን የሚያውቀው ሴባስቲያን ኮን ብቻ ነው፤ በ1,500 ሜትር ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ያለው፣ የዓለም አትሌቲክስን የሚመራው። ሁሉም ለእሱ አድልቷል። ሯጭ ነዋ! ኮ 8 ድምፅ አገኘ። ከ97 ድምፅ 49ኙን በመጀመሪያው ዙር ጠቅልላ የወሰደችው ዚምባብዌያዊቷ ኪርስቲ ኮቨንትሪ ሆነች።

«ማን ናት ደግሞ?» አለኝ አጠገቤ የነበረው የበርበሬ ነጋዴ።

«ዋናተኛ ናት።»

«ዋናም ስፖርት ሆኖ! ውሃ ውስጥ መንቦጫረቅ አይደል እንዴ?»

ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው።

መግቢያውን ላሳጥረው። ኮቨንትሪ በ1983 ሐራሬ ተወለደች (ይህና ከዚህ ወዲያ ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ2004 አቴንስና በ2008 ቤጂንግ ላይ ሰባት ሜዳልያ ሰበሰበች። ዚምባብዌ በኦሊምፒክ ታሪኳ ያላት ሜዳልያ ስምንት ነው፤ የእሷ ያልሆነው በ1980 የሴቶች ሆኪ ቡድን ከሞስኮ ያመጣው ወርቅ ብቻ ነው። የኮቨንትሪ ሁለቱም ወርቆች የተገኙት በ200 ሜትር የጀርባ ቀዘፋ ነው።

ሴትየዋ የበሰለችው ግን አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ፣ ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ገንዳ ውስጥ ነው። የሆቴልና ሬስቶራንት አስተዳደር እየተማረች ለዩኒቨርሲቲው ቡድን ትዋኝ ነበር። ይህ ዕድል ለሴት ድሮ አልነበረም። ዶና ደ ቫሮና የምትባል አሜሪካዊት በ1964 ቶኪዮ ላይ ሁለት ወርቅ አጥልቃ ስትመለስ ገና 17 ዓመቷ ነበር፤ ለሴት ዋናተኛ ስኮላርሺፕ የሚሰጥ ኮሌጅ ስላልነበረ ውድድር ተወች። የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በፆታ እንዳያዳላ የሚያዘው ሕግ የወጣው በ1972 ነው። ኮቨንትሪ የገባችው በዚያ በተከፈተው በር ነው።

የአሜሪካ ኮሌጆች የሚወዳደሩበት ገንዳ 25 ያርድ ነው፤ 23 ሜትር እንኳ አይሞላም። የኦሊምፒኩ 50 ሜትር ነው። በኦሊምፒክ ገንዳ 200 ሜትር የሚዋኝ ሰው ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ በኮሌጁ ገንዳ 200 ያርድ የሚዋኝ ሰባት ጊዜ። የኮሌጅ ዋናተኛ እንግዲህ ኑሮው ከግድግዳ ጋር ነው።

አሁን ወደምወደው ነገር ደረስኩ። በጀርባ የሚዋኝ ሰው ግድግዳውን አያየውም። ሌላው ሁሉ ከመነሻ ሰሌዳው ላይ ዘሎ ሲገባ፣ እሱ ውሃ ውስጥ ሆኖ ግድግዳውን ረግጦ ይነሳል፤ ከዚያ የሚያየው ሰማይ ወይም ጣሪያ ነው። ታዲያ በምን ያውቃል? ከገንዳው ጫፍና ጫፍ፣ ከግድግዳው 5 ሜትር ላይ፣ ከራሱ በላይ ገመድ ተወጥሮ ትንንሽ ባንዲራዎች ይንጠለጠሉበታል። ብዙ ተመልካች ለጌጥ የተሰቀሉ ይመስለዋል፤ እኔም ስንት ዓመት የበዓል ጌጥ ናቸው ብዬ አልፌያቸዋለሁ። ባንዲራው በግንባሩ ላይ ሲያልፍ ዋናተኛው መቁጠር ይጀምራል። ከባንዲራው እስከ ግድግዳው ስንት ጊዜ እንደሚቀዝፍ በልምምድ ያውቀዋል። ቁጥሩ ሲሞላ በደረቱ ተገልብጦ፣ ተጠቅልሎ፣ ግድግዳውን ረግጦ ይወጣል። አንድ ቢያጎድል እግሩ ግድግዳው ላይ አይደርስም፤ አንድ ቢጨምር ግድግዳው ይጠብቀዋል። መጨረሻ ላይ ደግሞ መገልበጥ ክልክል ነው፤ በጀርባው እንደተኛ ያላየውን ግድግዳ በእጁ መንካት አለበት። ዝናብ ሳይመጣበት የበርበሬ ዛላውን የሚለቅም ሰው ሰማዩን አይቶ ቀን ይቆጥር የለ? እንደዚያ በሉት።

ወዳጄ መንቦጫረቅ ያለውን አልረሳሁም። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነው፤ ጀማሪ ሁሉ ግን ይወቅጠዋል። ውሃ ከአየር 800 እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ በጉልበት የተጣላው ቶሎ ይደክማል። «የእኛ ሰው አጥንቱ ከባድ ነው፣ አይንሳፈፍም» የሚሉም አሉ። ተረት ነው። ሳንባው አየር የሞላና አንገቱን ያላላ ሰው ይንሳፈፋል። የሚያሰምጠን ራሳችንን ቀና ማድረጋችን ነው፤ ራስ ሲነሳ እግር ይወርዳል። እኔን ወንዝ ዳር ያደገ የአጎቴ ልጅ ሲያስተምረኝ መዳፉን ከማጅራቴ ሥር አድርጎ «ጆሮህን ለውሃው ስጠው» ነበር የሚለኝ። ጆሮዬ ውሃ እስኪገባው ድረስ ሁለት ሳምንት ፈጀሁ። ልጅ ይልመድ ብላችሁ ገንዳ ውስጥ የምትወረውሩ ወላጆች ግን እባካችሁ ተዉ። የሚለምደው ፍርሃት ነው።

ወደ ኮቨንትሪ ልመለስ። ቤጂንግ ላይ በ100 ሜትር የጀርባ ቀዘፋ ግማሽ ፍጻሜ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች፤ በፍጻሜው ተቀድማ ብር ወሰደች። በሁለቱ የድብልቅ ቀዘፋ ውድድሮችም ብር። ብር፣ ብር፣ ብር። በ200 ሜትር የጀርባ ቀዘፋ ግን በ2 ደቂቃ ከ05.24 ሰከንድ ሌላ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ ወርቁን ወሰደች።

የመጨረሻ ኦሊምፒኳ ሪዮ 2016 ነው። የኛ ዋናተኛ በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ከ59 ተወዳዳሪ 59ኛ ወጥቶ ዓለም የሳቀበት ኦሊምፒክ መሆኑ ነው። ሰዓቱ 1 ደቂቃ ከ04.95 ሰከንድ ነበር። ከሳቂዎቹ መካከል ያንን ርቀት ሳያርፍ የሚዋኝ ካለ ይሳቅ።

ከገንዳው ውጭ ያለው ሕይወቷም ሁሉ ከገንዳው የተቀዳ ነው። በ2013 በአትሌቶች ተወካይነት የኦሊምፒክ ኮሚቴው አባል ሆነች። በ2018 የአገሯ የስፖርት ሚኒስትር ሆነች፤ ደራርቱ ቱሉ የኛን አትሌቲክስ ፌዴሬሽን መምራት የጀመረችበት ዓመት ነው። ሚኒስትርነቱ አልጋ በአልጋ አልነበረም፤ በ2022 ፊፋ ዚምባብዌን በመንግሥት ጣልቃ ገብነት ምክንያት አግዷት ነበር። እኔ ከሹመቶቿ ይልቅ የሚደንቀኝ ሕጻናትን ዋና የሚያስተምር አካዳሚ ማቋቋሟ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 ብቻ 300,000 ያህል ሰው በውሃ ሰምጦ ሞቷል። የክረምት ወንዝ ልጅ የወሰደበት ሰፈር ይህን ቁጥር አይጠይቅም።

የበርበሬ ነጋዴውን ባለፈው ዝዋይ ከተማ አንድ ሆቴል ገንዳ ወሰድኩት። መዳፌን ከማጅራቱ ሥር አደረግሁ። ስድቡን ከጨረሰ በኋላ ተንሳፈፈ፤ ሆዱ እንደ ደሴት ወጣ። «ሰማይ ብቻ ነው እኮ የሚታየኝ» አለ። ገንዳው ባንዲራ ስለሌለው ግድግዳው ሲቀርብ እየቆጠርኩ ልነግረው ቃል ገባሁ። ሁለት ጊዜ ቀዘፈ፣ ሦስተኛውንም ቀዘፈ። ከመኪና ጠባቂው ጋር ወሬ ይዤ ረሳሁት፤ ግድግዳውን በአናቱ አገኘው።