ባለታሪኩ እያየ መተወን

በሕይወት ያለን ሰው የሚተውን ተዋናይ ከባለታሪኩ ዓይን አያመልጥም። ቤተሰቡም፣ በቴሌቪዥን ሲያየው የኖረው ሕዝብም ትወናውን ከእውነተኛው ሰው ጋር ያስተያያል። ስለዚህ ዝግጅቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከምስል ነው፤ አረማመዱን፣ ድምፁን፣ ዝም ሲል እጁን የት እንደሚያሳርፍ እየመላለሱ ማየት። ሔለን ሚረን እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው «ዘ ኩዊን» ንግሥት ኤልሳቤጥን ስትተውን የንግሥቲቱን የወጣትነት ፊልሞች ሳይቀር አጥንታለች።

ምስል ግን ልማዱን እንጂ የልማዱን ምክንያት አያሳይም። ኃይሌ ገብረሥላሴ ሲሮጥ ግራ ክንዱ ጠበቅ ብሎ ይታጠፋል። በልጅነቱ አሰላ አካባቢ ካለው ቤቱ እስከ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ደብተሩን የሚይዘው በዚያ ክንዱ ነበር። ክንድ ማጠፍ ማንንም አይቸግርም፤ ደብተሩ እንዳይወድቅ እየተጠነቀቀ የሚሮጥ ልጅ ግን ትከሻውም እርምጃውም ሌላ ነው። ኃይሌን የሚተውን ተዋናይ ባሠለጥን ደብተር አስይዤ ነበር የማስሮጠው። እ.ኤ.አ. በ1999 ለዕይታ የበቃው «ኢንዱራንስ» ሌላ መንገድ መርጧል፤ ጎልማሳውን ኃይሌ ራሱ ኃይሌ ተወነው፣ የልጅነቱን ደግሞ የሥጋ ዘመዱ።

ባለታሪኩን አግኝቶ ማነጋገር ለሁሉም አይሳካም። ጄሲ አይዘንበርግ በ«ዘ ሶሻል ኔትወርክ» የፌስቡክ መሥራቹን ማርክ ዙከርበርግን የተወነው ሳያገኘው ነው። ሞርጋን ፍሪማን በአንጻሩ እሳቸውን እንዲተውን ማንዴላ ራሳቸው የመረጡት ሰው ነበር። መቀራረብም ፈተና አለው፤ የወደዱትን ሰው ነውር ማሳየት ይከብዳል። ሮበርት ደ ኒሮን የማደንቀው ለዚህ ነው። ለ«ሬጂንግ ቡል» ቦክስ ያለማመደው ባለታሪኩ ቦክሰኛ ጄክ ላሞታ ሆኖ ሳለ፣ የሰውየውን ጭካኔ አላለሳለሰም። ላሞታ የወፈረበትን ዘመን ለመተወንም 27 ኪሎ ያህል ጨምሯል።

ለእኔ ከሁሉም የሚልቀው የኤዲ ሬድሜይን ዝግጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ለታየው «ዘ ቲዎሪ ኦፍ ኤቭሪቲንግ» የፊዚክስ ሊቁን ስቲቨን ሆኪንግን ለመተወን ለንደን ወደሚገኝ ክሊኒክ እየተመላለሰ እንደ ሆኪንግ ጡንቻን የሚያዳክም ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለወራት አነጋገረ፤ የሰውነቱን እንቅስቃሴም ከውዝዋዜ አሠልጣኝ ጋር ተለማመደ። ፊልም ብዙውን ጊዜ በታሪኩ ቅደም ተከተል አይቀረጽም። በእግሩ የሚሄደውንም በዊልቸር የተቀመጠውንም ሆኪንግ በአንድ ቀን መሆን ስለነበረበት፣ በየትኛው ትዕይንት የትኛው ጡንቻ እንደደከመ የሚያሳይ ሰንጠረዥ አዘጋጀ። ቀረጻው ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ከሆኪንግ ጋር ተገናኙ። እሳቸውም ድምፃቸውን ከማጣታቸው በፊት አንደበታቸው ክፉኛ ይኮላተፍ እንደነበር ነገሩት፤ እሱም አነጋገሩን በዚያ መሠረት አስተካከለ። ሆኪንግ ፊልሙን ካዩ በኋላ፣ በኮምፒውተር የሚናገሩበት የራሳቸው ድምፅ በፊልሙ ውስጥ እንዲገባ ፈቀዱ።