ቼኩ ሲመለስ፦ በኢንተርኔት ጨረታ ዕቃ ለሚሸጡ

በኢንተርኔት ጨረታ ዕቃ ሸጦ በቼክ መቀበል በእስራኤል አሁንም አለ። ጨረታውን ያሸነፈው ሰው ቤት ድረስ ይመጣል፣ ቼኩን ይሰጣል፣ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል። ጉዱ የሚሰማው ከቀናት በኋላ፣ ባንኩ «ቼክ ሖዜር» ሲል ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገንዘቡ ሂሳቡ ውስጥ ሲታይ የተከፈለው ስለሚመስለው ነው። የገዢው ባንክ ቼኩን አልከፍልም ካለ፣ የታየው ገንዘብ በጥቂት የሥራ ቀናት ውስጥ ተመልሶ ይወጣል። እንበል፣ አንዲት እናት በነታንያ የስፌት መኪናዋን 2,000 ሼቄል ሸጠች። ገንዘቡን አይታ ለቤት ኪራይ ከከፈለችው፣ ቼኩ ሲመለስ መኪናዋም የለ፣ ሂሳቧም ሚኑስ ይገባል። ገንዘቡ መጽደቁን ባንኩን ጠይቆ ሳያረጋግጡ ዕቃ አለመስጠት ነው። በባንክ ዝውውር ወይም በቢት መቀበል ደግሞ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

የገዢው ሂሳብ «ሙግባል» መሆኑን በባንክ እስራኤል ድረ ገጽ ማየት ይቻላል። የሚያስፈልጉት የባንኩ፣ የቅርንጫፉና የሂሳቡ ቁጥሮች ናቸው፤ ሦስቱም ቼኩ ላይ አሉ። ነገር ግን ሂሳብ የሚታገደው በ12 ወር ውስጥ 10 ቼክ ሲመለስበት ስለሆነ፣ ዘጠኝ የተመለሰበት ሰው እዚያ ላይታይ ይችላል።

ከዋጋው በላይ ጽፎ «ትርፉን መልሱልኝ» የሚል ገዢ ከመጣ ግን ምርመራም አያስፈልግ። የታወቀ የአጭበርባሪ ዘዴ ነው።

ቼኩ ከተመለሰ መጀመሪያ ምክንያቱን ማንበብ ነው። «ኤን ኪሱይ» ከሆነ ሂሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ የለም፤ «ሆራአት ቢቱል» ከሆነ ደግሞ ገዢው ራሱ ቼኩን ሰርዞታል። ከዚያ ለገዢው ደውሎ፣ የተባባሉትንም በጽሑፍ መላክ ነው። በእኛ ዘንድ ይሉኝታ ይይዛል፤ «ገንዘቤን አምጣ» ማለት ያሳፍራል። በአገር ቤት ቢሆን ሽማግሌ ይላክ ነበር። ስሙን እንጂ ቤቱን ለማያውቁት የኢንተርኔት ገዢ ግን ሽማግሌ አይላክም።

ገዢው ካልከፈለ ጉዳዩ ወደ ሆጻአ ላፖዓል ይሄዳል። ቼክ እንደ ሌላ ዕዳ አይደለም፤ አስቀድሞ ፍርድ ቤት መክሰስ ሳያስፈልግ በቀጥታ ለማስፈጸም ይቀርባል። የተሰረዘ ቼክም ቢሆን ይቀርባል። መክፈቻው ክፍያ አለው፤ ክፍያው በባለዕዳው ዕዳ ላይ ይደመራል። ገዢው «ዕቃው የተበላሸ ነበር» ብሎ ከተቃወመ ነገሩ ወደ ዳኛ ይሄዳል፤ የጨረታው ማስታወቂያ፣ የዕቃው ፎቶና የተላላኳቸው መልእክቶች የሚጠቅሙት ያን ጊዜ ነው። ገንዘብ እንደሌለ እያወቁ ቼክ መስጠት ወንጀልም ስለሆነ ለፖሊስ ማመልከት ይቻላል።

ገዢው ደንግጦ «ሌላ ቼክ ልስጥ» ካለ፣ በጥሬ ገንዘብ ወይም በዝውውር እንዲከፍል መጠየቅ ይሻላል። ገንዘቡ በእጅ እስኪገባ ድረስ ባንኩ የሰጠውን የተመለሰ ቼክ ማስረጃ ለማንም አይስጡ።